ጉዳዩ፦ ስም ያልወጣለት ፈቃድ

ለአደን ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች በሙሉ፤ ከፌዴራል እስከ ወረዳ
ባላችሁበት

ከጤና ይስጥልኝ ቀጥሎ ራሴን ላስተዋውቅ። ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ጅማ ከተማ ውስጥ፣ ቢሮ የሚበዛበት መንገድ ዳር፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አለኝ። አንዱ ወንበር የእኔ ነው። ሌላው ላይ ባለጉዳይ ይቀመጣል፣ የሆዱን ይነግረኛል፣ እኔ ወረቀት ላይ አወጣዋለሁ። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም እጽፋለሁ። መብራት ሲጠፋ በእጄ እጽፋለሁ።

ሥራው ላይ ስቆይ አንድ ነገር ገባኝ። የማመልከቻ ነፍሱ "ጉዳዩ" የምትለዋ መስመር ናት። ከታች ያለውን ልመና ማንም ተረጋግቶ አያነበውም፤ ይቅርታ አድርጉልኝና እናንተም አታነቡትም። መዝገብ ቤት የምትቀመጠው ልጅ ጉዳዩን ታያለች፣ ማህተም ትመታለች፣ ለሚመለከተው ክፍል ትመራለች። "የይዞታ ማረጋገጫ ስለመጠየቅ" ካልኩ ወደ መሬት ይሄዳል። "የንግድ ፈቃድ ስለማሳደስ" ካልኩ ወደ ንግድ ይሄዳል። ጉዳዩ ስም ከሌለው ግን ወረቀቱ መሄጃ የለውም። ጠረጴዛ ላይ ይከርማል፣ ሻይ ይደፋበታል፣ በመጨረሻ መሳቢያ ውስጥ ይገባል።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እንዲህ ያለ ስም የሌለው ጉዳይ ነው።

ነሐሴ ላይ አንድ አዛውንት መጡ። ከሸቤ ወዲያ፣ ከበለጤ ጫካ ጥግ ነው የመጡት። ጫማቸው ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቆሙና፦

"ልጄ፣ አሳማ ጨረሰን። ወጥተን እንድናድነው ፈቃድ ጻፍልን" አሉኝ።

"ስንት ናችሁ አባባ?"

"ሠላሳ አባወራ።"

"በምንድን ነው የምታድኑት?"

"በጦርና በውሻ። እንደ ድሮው።"

"ጉዳዩ፦" ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ። "የአደን ፈቃድ ስለመጠየቅ" ልበል? እሱን ካልኩ ወረቀቱ ጠመንጃና ዶላር ይዘው ከውጭ የሚመጡ ሰዎች የሚስተናገዱበት ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። "የሰብል ጥበቃ ድጋፍ ስለመጠየቅ" ልበል? እሱን ካልኩ ወደ ግብርና ይሄድና የተምች መድኃኒት ይዘው ይመጣሉ። አሳማ በተምች መድኃኒት አይረጭ ነገር። በመጨረሻ "የዱር አሳማ በሰብል ላይ እያደረሰ ያለውን ጉዳት ስለማሳወቅ" ብዬ ጻፍኩ። አዛውንቱ ከፍለውኝ፣ መርቀውኝ ሄዱ። እኔ ግን ያን ቀን የሠራሁትን አውቀዋለሁ። ፈቃድ የሚጠይቁ ሰውዬ ነው የመጡት፤ እኔ "ማሳወቅ" አደረግሁት። ማሳወቅ ደግሞ መልስ አይጠይቅም። ፋይል ይደረጋል፣ አለቀ።

ሌላም ሰው ያ ወንበር ላይ ይቀመጣል። አንድ ቀን ጥሩ መኪና ያለው፣ ጥሩ ጫማ ያደረገ ሰው መጣና "ጨበራ ጩርጩራ ገብቼ ጎሽ መምታት እፈልጋለሁ፤ ማመልከቻ ጻፍልኝ፣ የሚከፈለውን እከፍላለሁ" አለኝ። መሣሪያው ፈቃድ እንዳለው ደጋግሞ ነገረኝ። የመሣሪያ ፈቃድና የአደን ፈቃድ ለየቅል መሆናቸውን ስነግረው ደነገጠ። ብዙ ሰው አንድ ይመስለዋል። የመሣሪያ ፈቃድ ጠመንጃውን እንድትይዝ ነው፤ እንስሳውን እንድትመታ አይደለም። ቀጥሎ፣ ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ እዚያ ውስጥ የሚሰጥ የአደን ፈቃድ የለም አልኩት።

"ገንዘብ እያለ?"

"ገንዘብ እያለም።"

ለማታውቁት፣ ጨበራ ጩርጩራ ከእኛ በስተደቡብ ኮንታና ዳውሮ ውስጥ ያለ ፓርክ ነው። የተቋቋመው በ1997 ዓ.ም. ነው። ዝሆን፣ ጎሽ፣ ጉማሬ፣ አንበሳ አለው። አሁን የዝሆን ዳና የሚባል ሎጅ ተሠርቶበት ሰው በፎቶ ብቻ የሚያውቀውን ቦታ ሄዶ እያየው ነው። እሰየው። እኔም አንድ ቀን እናቴን ይዤ ሄጄ ዝሆን አሳያታለሁ ብዬ አስባለሁ። እሷ ግን "እኔ አሳማው በቅቶኛል፣ ጭራሽ ዝሆን!" ትለኛለች።

አደን የሚፈቀድበት ቦታ ሌላ ነው። ሕጉ ብሔራዊ ፓርኩን፣ መጠለያውን፣ ጥብቅ ክልሉንና ቁጥጥር የሚደረግበትን የአደን ቀበሌ ለይቶ ያስቀምጣቸዋል። ለምሳሌ ባሌ ውስጥ ፓርኩ አለ፣ ከፓርኩ ውጪ ደግሞ እንደ ኦዶ ቡሉ ያሉ የአደን ቀበሌዎች አሉ። ፓርኩ ውስጥ ጥይት አይጮህም። የአደን ቀበሌው ውስጥ ደግሞ ከውጭ የመጣ አዳኝ ፈቃድ ካለው አስጎብኚ አዳኝ ጋር ሆኖ፣ ለዓመቱ በተመደበው ኮታ መሠረት፣ ስካውት የሚባለው የዱር እንስሳት ጠባቂ ከጎኑ ቆሞ፣ ያረጀ ወንድ ተመርጦለት ይተኩሳል። ከዓለም ላይ ከእኛ አገር በቀር የትም የማይገኘውን ደጋ አጋዘን ለመምታት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ይከፍላል። ቀንዱ በሜትር ይለካል፣ ይመዘገባል። ወደ አገሩ ይዞት ለመሄድም ሌላ ወረቀት አለው።

ይህን አሠራር የሚጠሉ ጓደኞች አሉኝ። "እንስሳ ለጌጥ መግደል ምን ይሉታል?" ይላሉ። እውነቱን ለመናገር እኔንም ደስ አይለኝም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአጋዘን ራስ ያለበት ሆቴል ውስጥ ምሳ አይበላልኝም። ግን ሥራዬ ወረቀት ነውና በወረቀት ዓይን ሳየው ቀናሁበት። ያ የሞተ አጋዘን ፋይል አለው። የት እንደሞተ፣ ማን እንደመታው፣ ስንት እንደተከፈለበት ይታወቃል። ጥርኝ እንኳ የራሱ ወረቀት አለው። ሊሙና ጅማ ዙሪያ ጥርኝ አስረው ዝባድ የሚያወጡ ሰዎች አባቶቻችን ከኖሩበት ዘመን ጀምሮ አሉ። ዝባዱ በበሬ ቀንድ ተሞልቶ ይሸጣል፣ ባሕር ማዶ ሽቶ ይሆናል። ለእነሱም ፈቃድ አለ፣ "ጉዳዩ" የሚለው መስመር ላይ የምጽፈው ስም አለ።

የእናቴ በቆሎ ግን ፋይል የለውም።

እናቴ እዚያው ጫካው ጥግ ነው የምትኖረው። ግማሽ ሄክታር የማትሞላ ማሳ አላት፣ ከጫካው ውስጥ ደግሞ ጥቂት ቡና ትለቅማለች። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። በቆሎው እሸት ሲሆን ማማ ላይ የማድረው እኔ ነኝ። ማማውን አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ አቁሜ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ይንቀጠቀጣል፤ ግን እስካሁን አልወደቀም። ጋቢ፣ ባትሪ፣ አንድ የዘይት ቆርቆሮና ዱላ ይዤ እወጣለሁ።

አሳማ ሲመጣ መጀመሪያ ውሻው ነው የሚያውቀው። አይጮህም፣ ጉሮሮው ውስጥ ያጉረመርማል። ቀጥሎ ከጫካው በኩል ቅጠል ይንሿሿል። ቀጥሎ ቋ! የበቆሎ አገዳ ሲሰበር። አሳማ እንደ ሰው እሸቱን ሸልቅቆ አይበላም። አገዳውን በአፍንጫው ገፍቶ ያጋድመዋል፣ ሁለት ጊዜ ይነክሰዋል፣ ትቶት ወደሚቀጥለው ይሄዳል። አንዱን በልቶ አምስቱን ይጥላል። እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ቢበላው እንኳ በልቶ ጠገበ እላለሁ።

ቆርቆሮውን እመታለሁ። ይቆማል። ያዳምጣል። ከዚያ ቋ! ይቀጥላል። ለምዶታል። ባትሪ ሳበራ ጀርባው ላይ ነጣ ያለው ጋማ ይታየኛል፣ ከኋላው ሌሎች አሉ፣ አንዳንዴ ስድስት አንዳንዴ ሰባት። በዱላ ልወርድባቸው? ባለ ክራንቻ ነው። ጎረቤታችን አንድ ጊዜ ወርዶ ጭኑን ተሰንጥቆ ጅማ ድረስ መጥቶ ተሰፍቷል።

ያ ሌሊቱ ነው። ቀኑ የዝንጀሮ ነው። ዝንጀሮ ጭራሽ ሴትና ልጅ አይፈራም፤ እናቴ ስትጮህበት ቁጭ ብሎ ያያታል። ስለዚህ ቀን ቀን ልጆች ይጠብቃሉ። መስከረም ላይ ትምህርት ይከፈታል፣ የጫካ ጥግ ልጆች ግን ጥቅምት ሲጋመስ ነው የሚመዘገቡት። ጃርቱ ደግሞ ጎደሬውን ከታች ይበላል፤ እሱን ተዉት፣ እሱን እንኳ ችለነዋል።

አዛውንቶቹ እንደሚሉት ድሮ አሳማ እንዲህ አይበዛም ነበር። ነብር ነበረ፣ ይለቅመው ነበር። ነብሩ በቆዳው ምክንያት አለቀ። ጫካውም ተቆራረጠ፤ አሳማ ደግሞ የጫካና የማሳ ድንበር ነው የሚመቸው። ቀን ጥቅጥቅ ባለው ይተኛል፣ ማታ ማሳ ላይ ይበላል። ድሮ በዓመት አንዴ ሁለቴ ቀበሌው ተጠራርቶ፣ እንደ ዳዶ (ደቦ) ሥራ፣ በጦርና በውሻ ይወጣ ነበር። ሁለት ሦስት ይገደላል፣ የቀረው ሸሽቶ ለወራት ድንበሩን ይለቃል። ከዚያ ቀረ። አንድ ጊዜ ተከለከለ ተባለ፣ ማን እንደከለከለ ማንም አያስታውስም፣ ግን ሁሉም ፈራ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እኛ ጋ ያንን አሳማ ማንም አይበላውም። ሙስሊሙ ሃራም ነው። ክርስቲያኑም አይነካውም። ተገድሎ እዚያው ይቀራል፣ ጅብ ይበላዋል። ቆዳው አይሸጥም፣ ክራንቻው ገበያ የለውም። ሕገ ወጥ አዳኝ የሚባለው ሰው አንድ የሚያገኘው ነገር ስላለ ነው የሚገድለው። ይህ ሰው የሚያገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንቅልፍ።

ፈቃድ በሌለበት አደኑ ቀረ ወይ? አልቀረም። ተደበቀ እንጂ። እንዴት እንደተደበቀ ልንገራችሁ።

ኅዳር ላይ ከእናቴ ጋር ቡና ለመልቀም ጫካ ገባን። ጠባቧን መንገድ ይዘን ስንሄድ ዝንብ ሰማሁ። ብዙ ዝንብ። ቅጠሉን ስገልጠው አንዲት ሚዳቋ ተጋድማለች። የፊት እግሯ ሽቦ ውስጥ ገብቷል። ሽቦው የባጃጅ የክላች ካቦ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽዬ የብረት ራስ እንኳ አልተቆረጠችም። ስትታገል ካቦው ቆዳውን አልፎ አጥንቱ ላይ ደርሷል። አፈሩ እግሯ ባለበት ዙሪያውን ተቆፍሯል፣ ክብ ሠርቷል። ሞታለች፣ ግን ቶሎ አልሞተችም። ሳትታረድ ስለሞተች ማንም አልበላትም። ቀበርናት።

ወጥመዱን የጣለው የጎረቤት ልጅ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም። ለአሳማ ነበር የጣለው። ሽቦ ግን አሳማና ሚዳቋ፣ ድኩላና የጎረቤት ፍየል አይለይም። ሄጄ ስነግረው እንባው መጣ። "ለምን አትናገርም፣ ለምን ወረዳ ሄደህ አሳማ አስቸገረን አትልም?" አልኩት። "ሄጄ ምን ልበል? ሽቦ ጣልኩ ብል የምታሰረው እኔ ነኝ" አለኝ። ልክ ነው። የዱር እንስሳት ሕጉ ያለ ፈቃድ እንስሳ የገደለን ሰው በእስራት ያስቀጣል። ጥሩ ሕግ ነው፣ ይቀጥል። ግን ልጁ "ፈቃድ" የሚለውን ቃል ሲሰማ የሚሄድበት መስኮት የለውም፤ ስለዚህ የሚያውቀው "እስራት" የሚለውን ብቻ ነው።

ከሽቦው የባሰም አለ። የተባይ መድኃኒት ከበቆሎ ጋር አሽተው ድንበር ላይ የሚበትኑ አሉ። አሳማው ይሞታል። ጅቡ አሳማውን ይበላል፣ ይሞታል። ጥንብ አንሳው ይወርዳል፣ ይሞታል። ውሻውም። አንድ ቁና በቆሎ ለማዳን ሰማይና ምድር ይመረዛል። ስለዚህ ነገር ማንም ማመልከቻ ሊያስጽፈኝ አይመጣም፤ ሰው የሚነግረኝ በሹክሹክታ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ያን አዛውንት "ማሳወቅ" ብዬ ከሸኘኋቸው በኋላ ህሊናዬ አላስተኛኝም። በራሴ እናት ስም ልሞክረው ብዬ ተነሳሁ። የቢሮ ስም አልጠራም፤ የሰው ስምም አልጠራም፤ እንዲያውም ከተናገሩኝ ሰዎች ብዙዎቹ ትሁት ነበሩ።

ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አወጣሁ። የመጀመሪያው ቢሮ "ይሄ የእኛ አይደለም፣ እንስሳ ነው" አለኝ። ሁለተኛው "እንስሳ ነው፣ ግን የእኛ የቤት እንስሳ ነው" አለኝ። እዚህ ላይ ሁለታችንም ሳቅን። ሦስተኛው ጋ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም እዚያው ስብሰባ ላይ ነበሩ። አራተኛው "ይህ ከበላይ መምጣት አለበት" አለ። አምስተኛው የበላይ ነው፤ እሱ ደግሞ "ይህ ከታች ተጠንቶ መምጣት አለበት" አለ።

በመጨረሻ አንዱ ጋ ቅጽ ሰጡኝ። ደስ አለኝ፣ ቅጽ ካለ ስም አለ ማለት ነው ብዬ። ቅጹ ግን ለውጭ አዳኝ የተዘጋጀ ነው። የፓስፖርት ቁጥር ይላል። የመሣሪያው ዓይነት ይላል። የሚያርፉበት ሆቴል ይላል። እናቴን ወክዬ "ማማ" ብዬ ልጽፍ ነበር። ብዕሬን አስቀምጬ ወጣሁ።

ሕጉ ውስጥ ስለ አስቸጋሪ እንስሳ ምን ተጽፏል ብላችሁ እንዳትከራከሩኝ። ሕግ ላይ የተጻፈ ሁሉ መስኮት ላይ አይገኝም። እኔ የማወራው ስለ መስኮቱ ነው።

የምትፈሩት ይገባኛል። እኔም እፈራዋለሁ። የአሳማ ፈቃድ የያዘ ሰው ድኩላ አይቶ ዓይኑን ይጨፍናል ወይ? ሁሉም አይጨፍንም። የጅማ ሰው ያልተገደበ አደን ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ ማወቅ አለበት። በአባ ጅፋር ዘመን እዚሁ ጅማ፣ የሂርማታ ገበያ ላይ የዝሆን ጥርስ ከቡናና ከዝባድ እኩል ይሸጥ ነበር። ዛሬ ዝሆን ለማየት ጭዳን አልፈን፣ አመያን አልፈን ጨበራ ጩርጩራ ድረስ መሄድ አለብን። ገዳይ ተብሎ ቅቤ የሚቀባበት፣ ፉከራ የሚፎከርበት ባህል ነበረን። ያ ተመልሶ እንዲመጣ አልፈልግም። አሳማ ገድሎ የሚፎክር ሰው ደግሞ አላየሁም፤ ቢፎክርም ሰው ይስቅበታል።

ውሻውም ያሳስባል። ባሌ ላይ ከእረኛ ውሾች የተነሳ የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮን ጨርሶ ሊያጠፋው ደርሶ ነበር። ያልተከተበ ውሻ ጫካ ይዞ መግባት እሳት ይዞ እንደመግባት ነው። ስለዚህ "ፍቀዱልንና ዞር በሉ" አልልም።

የምለው ይህንን ነው። በመጀመሪያ ለነገሩ ስም አውጡለት። "የሰብል ማዳኛ አደን ፈቃድ" በሉት፣ ሌላ የተሻለ ስም ካላችሁ ያንን በሉት፣ እኔ በስሙ አልጣላም። ፈቃዱ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለማኅበር ይሁን። በለጤና ጌራ ላይ ማኅበሩ አለ፤ በጃፓኑ የልማት ድርጅት በጂካ ድጋፍ ዋቡብ በሚባለው የደን አስተዳደር ማኅበር የተደራጀ ሕዝብ ነው፤ ደኑን ላለመመንጠር ፈርሞ፣ በለውጡ ቡናውንና ማሩን ይጠቀማል። ዛፍ በፊርማ የጠበቀ ሰው አሳማ በፊርማ ማደን አያቅተውም። ካጠፋ ደግሞ የምትይዙት አለ፣ ማኅበሩ ሊቀመንበር አለው፣ ቃለ ጉባኤ አለው።

ለአሳማ ብቻ ይሁን። ስለ ዝንጀሮው ሌላ ቀን እንነጋገራለን፣ እሱ ከባድ ነው። ከማሳው ድንበር ወዲያ ያለው ጥልቅ ጫካ ውስጥ አይግባ። ጊዜው በቆሎው እሸት ከሆነበት እስከሚሰበሰብበት ይሁን እንጂ ዓመቱን ሙሉ አይሁን። ጦርና ውሻ ብቻ፤ ጠመንጃ የለም፣ ሽቦ የለም፣ መርዝ የለም። ሽቦ ጫካ ውስጥ ከተገኘ የዚያ ማኅበር ፈቃድ ይቁም፤ ያን ጊዜ ማኅበርተኛው ራሱ እየዞረ ሽቦ ይለቅማል፣ ከስካውት ይበልጥ ቦታውን እሱ ነው የሚያውቀው። ውሾቹ የተከተቡበት ወረቀት ይቅረብ። አንድ ስካውት ወይም የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አብሮ ይውጣ፣ ምሳውን እኛ እንችላለን። ማታውኑ ስንት እንደተገደለ ይመዝገብ። ያ መዝገብ ለእናንተም ይጠቅማችኋል፤ የውጭ አዳኝ የሚመታውን እንስሳ ቀንዱን በሜትር እየለካችሁ የእኛን ጫካ አሳማ ብዛት በግምት መናገር ያሳፍራል።

ቅጹ አንድ ገጽ ይሁን። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይዘጋጅ። ወረዳ ላይ ይሰጥ፣ መልሱም እዚያው ይሰጥ። እባካችሁ መልሱ በ10 ቀን ይምጣ። እሸት ስብሰባ አይጠብቅም። ጥቅምት ላይ የሚመጣ "ተፈቅዷል" የሚል ደብዳቤ ለአሳማው እንጂ ለእናቴ አይጠቅምም።

ደግሞ ፓርክ ውስጥ አደን እንደማይፈቀድ፣ የመሣሪያ ፈቃድ የአደን ፈቃድ እንዳልሆነ፣ በትልቅ ጽሑፍ በየወረዳው ግድግዳ ላይ ለጥፉልን። ያ ባለ መኪና ሰውዬ ከእኔ ከወጣ በኋላ ወደ ሌላ ማመልከቻ ጸሐፊ እንደሄደ አውቃለሁ። እሱ ጻፈለት ወይስ አልጻፈለትም አልሰማሁም። ማስታወቂያው ቢኖር እኔም ሆንኩ እሱ ጣታችንን ወደ ግድግዳው መቀሰር ይበቃን ነበር።

ይህን እየጻፍኩ ሳለሁ እናቴ ደወለች። በሦስተኛው መስመር ገብተዋል አለች። የጎረቤት ልጅ አብሯት ማማው ላይ ነው። ሽቦ ይዞ እንደሆነ ጠየቅኋት። ዝም አለች፣ ከዚያ "ቆርቆሮ ነው የያዘው" አለችኝ።

ለአዛውንቱ አዲስ ማመልከቻ አዘጋጅቻለሁ። የሠላሳውም አባወራ ስም ገብቷል፣ ግማሹ ፈርሟል፣ ግማሹ በጣት አሻራ ነው። ቀን አለው፣ አድራሻ አለው። "ጉዳዩ፦" ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። ስሙን ስታወጡለት ላኩልኝ፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም፣ ሞልቼ አትሜ ለአዛውንቱ እሰጣለሁ። ለዚህኛው አላስከፍላቸውም።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ጅማ

ግልባጭ፦
ለእናቴ (ስልክ ላይ አነብላታለሁ)